ከሰርተፍኬቱ በፊት መቶ ማዘዣ ቁጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። ዘንድሮ በፋርማሲ ተመርቀሽ መንዝ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ ተመድበሻል። ጀርሞች መድኃኒት ስለመላመዳቸው ለአፍሪካ ወጣት የጤና ምሩቃን የሚሰጥ የኦንላይን ሥልጠና አግኝተሻል፤ ወራት ይፈጃል። «እኛ ጋ ካልቸር (ጀርሙን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) የለም፣ ኔትወርክ የለም፣ ጤና መኮንኑ አይሰማኝም። ሰርተፍኬቱ መሳቢያ ከማሞቅ ውጪ ምን ያደርግልኛል?» ነው ያልሽው።

ተመዝገቢ። ለሰርተፍኬቱ ብለሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ።

እኔም ፋርማሲስት ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ከጣርማ በር ወዲያ፣ ቆላ ወርጄ ነው። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ደብረ ብርሃን ጃኬት ደርበሽ ትሳፈሪያለሽ፣ ደብረ ሲና ላይ ታወልቂዋለሽ፣ ቆላው ስትገቢ ሸሚዙም ይከብድሻል። በሽታውም አብሮ ይቀየራል። ደጋው ላይ ሳልና የሳንባ ምች፣ ቆላው ላይ ወባ። ከላይም ከታችም የማይቀረው ግን አንድ ነው፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ። ማሾና ሽንኩርት የሚያለማ፣ አርባዎቹን የተሻገረ፣ ጨዋታ የሚወድ ሰው። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መጣ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ድካም። ሦስቱንም ጊዜ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ታይፎይድ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የሚባለውን አንቲባዮቲክ ቆጥሬ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሦስተኛው መስኮቱን ተደግፎ «እሷኑ ስጠኝ ልጄ፣ እሷን ለምጃታለሁ» አለኝ። ሳቅን። ሲወስዳት ቀለል ይለዋል፣ ስታልቅ ይብስበታል። ሱሪው እንዳይወልቅ ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶ ነበር። አይቼዋለሁ። ግን አልጠየቅኩትም።

በኋላ ሌላ ቦታ ሄዶ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መመርመሪያ ማሽን ሲታይ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሲፕሮ የቲቢን ጀርም በከፊል ያዳክመዋል። ሕመምተኛው የዳነ ይመስለዋል፣ ምርመራው ይዘገያል። ይህን ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። መስኮቱ ላይ ግን አልመጣልኝም። ሰውየው የስድስት ወሩን መድኃኒት ጨርሶ ድኗል። ቀበቶው ግን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ሥልጠናው የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ዊዳል የሚባለው የታይፎይድ ምርመራ ከ1896 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያወጣውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ የታመመም፣ ክትባት የወሰደም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበትም «ፖዘቲቭ» ሊወጣ ይችላል። የታይፈሱ ምርመራ ዊል ፌሊክስማ ጭራሽ የታይፈስን ጀርም አይጠቀምም፤ ፕሮቲየስ ከሚባል ሌላ ባክቴሪያ አንቲጅን ተውሶ ነው የሚሠራው። አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ስለቋጠረች ብቻ ስንት ሲፕሮ እንደምናወጣ አስቢው። ላብራቶሪ ያሉ ጓደኞቼ እዚህ ግሩፕ ላይ ስላላችሁ እንዳትቀየሙኝ፤ ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የታዘዘላችሁን ነው የምትሠሩት።

ከናይጄሪያ፣ ከኬንያ፣ ከዛምቢያ የመጡ ልጆች አብረውን ነበሩ። ካሜራቸውን አጥፍተው፣ ከጀርባቸው ዶሮ እየጮኸ። የገረመኝ ችግራችን አንድ መሆኑ ነው። «ካልቸር የለንም» ብለሽ አፍረሽ ከሆነ አትፈሪ። ቢሮው አዲስ አበባ ያለው የአፍሪካ የላብራቶሪ ሕክምና ማኅበር ከአጋሮቹ ጋር በ14 የአፍሪካ አገሮች ያደረገው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 ወጥቷል። ወደ 50 ሺህ ከሚጠጉ ላብራቶሪዎች የባክቴሪያ ምርመራ የሚሠሩት 1.3 በመቶ ብቻ ናቸው። መቶ ላብራቶሪ ብታንኳኪ አንዱ ቢከፍትልሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም 1.27 ሚሊዮን ተገምቷል። ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው እዚሁ ከሰሃራ በታች ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን አክሰስ፣ ዋች፣ ሪዘርቭ ብሎ በሦስት መደባቸው። አሠልጣኛችን በሠንጠረዥ አስረዳን፤ አልገባኝም። የገባኝ እናቴ ልብስ የምታስቀምጥበትን ሳስብ ነው። አክሰስ የዘወትር ልብስ ነው፤ አሞክሳሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ ጄንታማይሲን። ዋች የክት ነው፤ ሴፍትሪያክሶን፣ ሲፕሮ፣ አዚትሮማይሲን። ሪዘርቭ ሣጥኑ ሥር ተቆልፎ የተቀመጠው። እኛ አገር ሴፍትሪያክሶን የክት መሆኑ ቀርቷል። እርሻም ገበያም ለብሰነው እንወጣለን። ሰዉም መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም። ጠዋትና ማታ ለመርፌ ሲመላለስ ጎረቤት ያየዋል፣ ይጠይቀዋል። ኪኒን ዋጠ ብሎ ማን ይጠይቀዋል?

አሁን ወደ ርዕሱ ልምጣ። ሥልጠናው ላይ ከመስሪያ ቤታችሁ 100 ማዘዣ ቁጠሩ ተባልን። ቀላል ነው፤ ምንም ማሽን አይፈልግም። ያለፉትን ወራት ማዘዣ ከካርቶኑ ታወጫለሽ፣ በየተወሰነ ርቀት እየዘለልሽ መቶ ትመርጫለሽ። ስንቱ ላይ አንቲባዮቲክ አለ? ካለው ውስጥ ስንቱ የዘወትር፣ ስንቱ የክት ነው? ስንቱ መርፌ ነው? ስንቱ ላይ የበሽታው ስም ተጽፏል? በቃ። በመስመር ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ሠራሁት። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ከግማሽ በላዩ አንቲባዮቲክ ነበረበት። ማመሳከሪያ ተብሎ ሲጠቀስ የኖረው ከ20 እስከ 26.8 በመቶ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ስብሰባ እ.ኤ.አ. መስከረም 2024 ላይ ደግሞ ሰው ከሚወስደው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው እስከ 2030 ከአክሰስ ይሁን ብለው አገሮች ተስማምተዋል። እንግዲህ ኒውዮርክ የተባለው ነገር ያንቺ ካርቶን ውስጥ ይለካል ማለት ነው።

ከዚያ ተሳሳትኩ። ይህን ስሕተት እንዳትደግሚው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው። ውጤቱን የሰኞ ስብሰባ ላይ አቀረብኩት። በባለሙያ ከፋፍዬ! ስም አልጠራሁም፤ ግን ሦስት ሰው በሚያዝበት ቤት «ባለሙያ ሀ» ማለት ምን ምስጢር ይሆናል? አንጋፋው ጤና መኮንን ደብተሬን ዘግቶ «አንተ መድኃኒት ቁጠር፣ ሰው መመርመሩን ለኛ ተወው» አለኝ። ለሁለት ወር ሰላምታችን አንገት በመነቅነቅ ብቻ ሆነ። ሥልጠናው ላይ ግራፍ መሥራት አስተምረውናል። አንጋፋን በሰው ፊት አለማሳጣት ግን የትኛውም ስላይድ ላይ አልነበረም።

ያዳነኝ ቡና ነው። አንድ ቀን ተረኛ ሆነን መብራት ጠፋ፤ ተራ ነገር ስናወራ ስለዚያ ባለማሾ ነገርኩት። የሱን ስሕተት ሳይሆን የኔን። ሲፕሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኩት። ዝም አለ። ሲኒውን አዙሮ አዙሮ «እኔም አንድ አለኝ» ብሎ ጀመረ። በሳምንቱ ዊዳልን በየትኩሳቱ ላለማዘዝ ራሱ ሐሳብ አቀረበ። ትኩሳት ያለው መጀመሪያ የወባ ምርመራ፣ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ አክታ። አዲስ ነገር የለበትም፣ መመሪያው ላይ ያለ ነው። ግን ከሱ አፍ መውጣት ነበረበት።

ስለዚህ ቁጥርሽን ይዘሽ መጀመሪያ ለብቻው ሂጂበት። «ጋሼ፣ ይቺን እስቲ እዩልኝ» በይው።

ያለ ካልቸር ምን ይሠራል ላልሽው፤ ብዙ ይሠራል። የሕፃናቱን ትንፋሽ ማስቆጠር ብቻ ስንት አሞክሳሲሊን እንደሚያድን ታያለሽ። ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ በደቂቃ ከሆነ ፈጣን ነው። ካልፈጠነ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለ ጉንፋን ነው። እናቲቱን ሸኝተሽ መቼ መመለስ እንዳለባት ትነግሪያታለሽ። ይህን ጤና መኮንኖቹ በደንብ ያውቁታል። ረጅም ሰልፍ ሲኖር ግን ሙሉ ደቂቃ የሚቆጥር የለም።

ያንቺ ዋና ቦታ ደግሞ መስኮቱ ነው። ናይሮቢና ሌጎስ ሆነው ያሠለጠኑን ሰዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ፤ ጾም። አሞክሳሲሊን በቀን ሦስቴ ብለሽ ትሰጫለሽ። እትዬ እሺ ብለው ተቀብለው ይሄዳሉ። ዐቢይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም የለም። የጠዋቱን ይዘሉታል። የተረፈውን በመሐረብ ቋጥረው ለልጅ ልጅ ያስቀምጣሉ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ያንን ቋጠሮ ፈትተው አራት ካፕሱል አሳዩኝና «በዚህ ላይ ጨምርልኝ» አሉኝ። ገዝተው አይደለም፤ ካምና የተረፈ ነው። አሁን ሳልጠይቅ አልሰጥም፤ «ይጾማሉ ወይ? ጠበል ላይ ነዎት ወይ?» እላለሁ። የሚጾሙ ከሆነ፣ ለሕመም እንዲፈቅዱላቸው የንስሐ አባታቸውን እንዲያማክሩ እነግራለሁ፤ አብዛኛው ጊዜ ይፈቀድላቸዋል። ሰዓቱንም በኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ንጋት 12፣ ቀን 8፣ ማታ 4። «በየስምንት ሰዓቱ» ማለት ለማን ይገባዋል?

አሁን ያለሁበት ሆስፒታል ካልቸር ይሠራል። እሱም የራሱ ጣጣ አለው፤ አንዱን ልንገርሽና ላብቃ። ጀርም የሚበቅልበት ብለድ አጋር የሚባለው ሳህን የሚሠራው በበግ ደም ነው። በግ ደግሞ በኛ አገር ምን ችግር አለው፣ ላብራቶሪው ጓሮ አንድ ሙክት ታስሯል። ጥበቃው መጀመሪያ ለፋሲካ የተገዛ መስሎት ነበር። አንድ ሰሞን ሳህኖቹ ላይ መብቀል ያለበት ጀርም እንቢ አለ። ጀርሙ የሚበቅልበት ሚዲያ ተቀየረ፣ ኢንኩቤተሩ ተፈተሸ። ለካ በጉ ሲያስል ያየ ደግ ሰው የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ ኦክሲቴትራሳይክሊን አስወግቶታል! የበጉ ደም ራሱ መድኃኒት ሆኖ ጀርሙን እንዳይበቅል ሲያግደው ነበር። ስቀን አላባራንም። ቆይቼ ግን አሰብኩት። መንዝ ውስጥ ስንት በግ ነው እንዲህ ተወግቶ በሳምንቱ ገበያ የሚወጣው? ሥልጠናው የሰውን፣ የእንስሳንና የአካባቢን ጤና አንድ ላይ የሚያየው «ዋን ሄልዝ» የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ ስላይዱን ትተሽ ወረዳሽ ያለውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሄደሽ አነጋግሪው። ከኔ የተሻለ ይነግርሻል።

ኔትወርኩን በተመለከተ፤ ቪዲዮዎቹን ከሌሊቱ 10 እስከ 11 ሰዓት አውርጃቸው፣ ያኔ ይፈጥናል። የቀጥታ ውይይቱ ላይ ድምፅ ብቻ ክፈቺ። የማዘዣ መቁጠሪያውን ሠንጠረዥ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ኢንቦክስ አደርግልሻለሁ፤ የእጅ ጽሑፌን ታገሺኝ። ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፣ የባለሙያ ስም የሚጻፍበት ሰባተኛው ላይ በእስክሪብቶ ሰርዤበታለሁ።