ያልተቆጠረውን ልጅ ፈልጉ

ውድ ወጣቶች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። አንዱ ትምህርትን አጥንቶ ተመራማሪ መሆን የሚፈልግ ወጣት ነው። ሌላው እዚህ አሜሪካ ልጅ ወልዶ «ትምህርት ቤት ልላካት ወይስ ሆምስኩል ላድርጋት፣ ማለትም ቤት ላስተምራት?» እያለ የሚጨነቅ ወጣት ወላጅ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በትምህርት ምዘና ሥራ ላይ ነው። ፈተና አዘጋጅቻለሁ፣ ውጤት ተንትኛለሁ፣ የሌሎችን ጥናት ገምግሜያለሁ። ሁለታችሁም አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ፦ «ቤት የሚማሩ ልጆች ትምህርት ቤት ከሚሄዱት ይበልጣሉ የሚባለው እውነት ነው?»

እኔም መልሼ እጠይቃችኋለሁ። የትኞቹ ልጆች? ማን ቆጠራቸው? ማንስ ፈተናቸው?

ወሬው ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።) በ1999 ሎውረንስ ራድነር የሚባል የምዘና ባለሙያ አንድ ትልቅ ጥናት አወጣ። 20,760 ልጆች ከ11,930 ቤተሰቦች ተካተውበታል። ወጪውን የሸፈነው ኤች ኤስ ኤል ዲ ኤ በሚል ምህጻር የሚታወቀው፣ ለሆምስኩል ቤተሰቦች በሕግ የሚከራከረው ማኅበር ነው። ልጆቹ የተገኙት በቦብ ጆንስ ዩኒቨርሲቲ የፈተና አገልግሎት በኩል ነው። ውጤቱ ያስደንቃል። መካከል ላይ ያለው ልጅ በአብዛኛው ከ70ኛው እስከ 80ኛው ፐርሰንታይል ላይ ተገኘ። ማለትም ከአገሪቱ ተማሪዎች ከመቶ 70 እስከ 80 የሚሆኑትን በልጧል ማለት ነው።

አሁን ቤተሰቦቹን ተመልከቱ። ከመቶ 94 የሚሆኑት ነጮች ናቸው። ከመቶ 97 የሚሆኑት ባልና ሚስት አብረው የሚኖሩባቸው ቤቶች ናቸው። ከወላጆቹ ከመቶ 88 የሚሆኑት ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ተምረዋል። ያን ጊዜ በአገሪቱ የዚህ ዓይነት ወላጅ ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። ደግሞም ሁሉም በፈቃዳቸው የገቡ ናቸው። የፈተና አገልግሎቱ ቤተ ክርስቲያን ነክ ስለሆነ ሌላ እምነት ያለው ወይም እምነት የሌለው ቤተሰብ ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት ብዙም አልነበረውም። ይህን ቁጥር ይዞ ስለ ሆምስኩል ልጆች ሁሉ መናገር፣ ገበያ ወጥቶ ከላይ የተደረደረውን ቲማቲም ብቻ አይቶ ሳጥኑን ሙሉ እንደመግዛት ነው።

ራድነር ራሱ ይህን አልደበቀም። ጥናቱ ሆምስኩል ከትምህርት ቤት እንደሚበልጥ አያሳይም፣ ልጅን ቤት ማስተማር ውጤቱን ያሻሽላል ማለትም አይደለም ብሎ በግልጽ ጽፏል። በዚያው ዓመት ጥናቱ በወጣበት መጽሔት ላይ ሌሎች ምሁራን ይህንኑ አጠናክረው ጻፉ። ግን ምን ዋጋ አለው! ቁጥሩ በየስብሰባው ተደጋገመ፣ ማስጠንቀቂያው እዚያው ወረቀቱ ላይ ቀረ። ስለዚህ የመጀመሪያ ምክሬ ይኼ ነው። የጥናት ወረቀት እጃችሁ ሲገባ ማጠቃለያውን አንብባችሁ አትዝጉት። ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደተመረጡ የሚናገረውን ክፍል አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እውነቱ ያለው ግን እዚያ ነው።

ችግሩ የአንድ ጥናት ብቻ ቢሆን ቀላል ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሆምስኩል በሁሉም ግዛቶች የተፈቀደ ቢሆንም ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል። ቴክሳስ ውስጥ ልጁን ከመጀመሪያው ቤት የሚያስተምር ወላጅ ለማንም ማሳወቅ የለበትም። ኒው ዮርክ ደግሞ ዕቅድ፣ የየሩብ ዓመት ሪፖርትና የዓመት ምዘና ይጠይቃል። ሙሉ መዝገብ በሌለበት አገር ተመራማሪ ናሙናውን ከየት ያወጣል? ከማኅበራት ዝርዝር፣ ከጓደኛ ጓደኛ፣ ከፈተና ድርጅት ያወጣል። በዚህ መንገድ የሚገኙት ደግሞ መገኘት የሚፈልጉት ናቸው።

የፌዴራሉ መንግሥት ሌላ መንገድ አለው። ቤተሰቦችን በዕጣ መርጦ ይጠይቃል። በዚህ ዓይነት በ1999 ወደ 850,000፣ በ2016 ደግሞ ወደ 1.7 ሚሊዮን ልጆች ቤት እንደሚማሩ ተገምቷል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን እነዚያን ልጆች አይፈትናቸውም። እንግዲህ ልብ በሉ፦ በትክክል የሚቆጥረው አይፈትንም፣ የሚፈትነው ደግሞ በትክክል አይቆጥርም። የዚህ መስክ ትልቁ ራስ ምታት ይኸው ነው።

መቁጠሩ ራሱም ቀላል አይደለም። በ2020 ኮሮና ሲገባ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮው ባደረገው ጥናት፣ በጸደይ ለትምህርት የደረሰ ልጅ ካላቸው ቤቶች ከመቶ 5.4 የሚሆኑት ሆምስኩል እናደርጋለን አሉ። በመከር ቁጥሩ 11.1 ደረሰ። በጥቁር ቤተሰቦች ዘንድ ከ3.3 ወደ 16.1 ዘለለ። መካከል ላይ ግን የጥያቄው አጻጻፍ ተሻሽሏል። ከትምህርት ቤት በኮምፒውተር የሚማሩት ተቀላቅለው እንዳይቆጠሩ ማብራሪያ ተጨመረበት። ለጥናቱ ምላሽ የሰጠው ሰውም ከተጠየቀው ጥቂቱ ነበር። ለውጥ መኖሩን አልጠራጠርም። መጠኑን ግን በጥንቃቄ ነው የምይዘው።

በጣም የምወደውን ጥናት ልንገራችሁ። ትንሽ ነው። በ2011 የካናዳዋ ሳንድራ ማርቲን ቻንግ ከባልደረቦቿ ጋር 37 ቤት የሚማሩና 37 ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆችን አነጻጸረች። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 10 ነው። ልጆቹን የፈተኗቸው አጥኚዎቹ ራሳቸው ናቸው እንጂ ወላጆቻቸው አይደሉም። ከዚያ አንድ ብልህ ነገር አደረጉ። ቤት የሚማሩትን ለሁለት ከፈሏቸው። 25ቱ በዕቅድና በመጽሐፍ የሚማሩ ናቸው። 12ቱ መደበኛ ትምህርት ሳይኖር እንደ ፍላጎታቸው የሚውሉ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከትምህርት ቤት ልጆች በለጡ። 12ቱ ግን ከሁሉም አነሱ። 12 ልጅ ትንሽ ነው፣ እነሱም በፈቃዳቸው የመጡ ናቸው። ቢሆንም ከሃያ ሺው ይልቅ ከዚህ ብዙ ተምሬያለሁ። «ሆምስኩል» የሚባል አንድ ነገር እንደሌለ አሳይቶኛልና። ወጣት ወላጆች፣ ለእናንተም የሚጠቅመው ይኼ ነው። ቤት ማስተማር ብቻውን አያስበልጥም። ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚሠራው ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። በተለይ ሒሳቡን ጠበቅ አድርጉ። ቤት የሚማሩ ልጆች ከንባብ ይልቅ በሒሳብ ደከም እንደሚሉ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል።

ቁጥር ብቻ አይደለም ጥናት። ሮበርት ኩንዝማን የሚባለው የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሰው ወግ አጥባቂ ክርስቲያን ቤተሰቦች ቤት ገብቶ ቁጭ ብሎ አይቷል። ጄኒፈር ሎይስ ደግሞ የእናቶቹን ድካም አጥንታለች፤ ሥራው በአብዛኛው በእናት ትከሻ ላይ ነውና። እነዚህን ካላነበባችሁ ፐርሰንታይሉ ከየት እንደመጣ አይገባችሁም።

ገንዘቡን ማን ከፈለ፣ አጥኚውስ ወገኑ ከማን ነው ብላችሁም ጠይቁ። ኦሪጎን የሚገኘው ብራያን ሬይ ለረጅም ዓመታት ይህን ጉዳይ አጥንቷል፤ የሆምስኩል ደጋፊ መሆኑንም አይደብቅም። ወገን ያለው ሰው ውሸታም ነው አልላችሁም። በበጎ ፈቃደኛ ናሙና ላይ የቆመ ጥናት ግን ደጋፊም ይሥራው ተቃዋሚ ያው ነው። በሌላ ወገን ያሉትም ቤት ተዘግቶባቸው የተሠቃዩ ልጆችን ታሪክ እያነሱ ስለ ሁሉም ይፈርዳሉ። የአንዱም ልጅ ሥቃይ ያመኛል፣ መከላከያም ያስፈልገዋል። ከስንት ልጅ ስንቱ እንደሆነ ግን ታሪኩ ብቻውን አይነግረንም።

ብዙዎቻችን የምንኖርበትን ቨርጂኒያን ውሰዱ። ቤት የሚያስተምር ወላጅ በየዓመቱ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃል፣ የልጁን መሻሻል የሚያሳይ ማስረጃም ያቀርባል። በሃይማኖት ምክንያት ነጻ የተደረገ ቤተሰብ ግን ማስረጃ ማቅረብ የለበትም። አንድ መንገድ ላይ የሚኖሩ ሁለት ልጆች፣ አንዷ ትለካለች፣ ሌላዋ አትለካም።

የእኛ ልጆች ደግሞ አገር አቀፉ ቁጥር ውስጥ ሲገቡ «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ነው። አማርኛ ቤት ውስጥ የሚነገርለት ልጅ ብቻውን አይታይም። ተመራማሪ መሆን የምትፈልጉት፣ ይህን ሥራ እንድትይዙልኝ እለምናችኋለሁ። አማርኛ ትችላላችሁ፣ እናቶቹ በር ይከፍቱላችኋል፣ ቡና ያፈሉላችኋል። የምታውቁትን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ብቻ አትጠይቁ። ታክሲ የሚነዳውን አባት፣ የሌሊት ተረኛዋን ነርስ፣ ብቻዋን የምታሳድገውን እናት ፈልጉ። ሆምስኩል ሞክረው በዓመቱ ልጃቸውን ወደ ትምህርት ቤት የመለሱትንም መዝግቧቸው። ለምን እንዳቆሙ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።