መልስ፦ ለቆቅና ለጅግራ አደን የትኛው ሰደርያ ይሻላል?
ወንድሜ፣ እህትህ ከአሜሪካ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ሙሉውን የጥጥ ሰደርያ ታምጣልኝ ወይስ ማንገቻና ቀበቶ ያለውን ብለሃል። ያለ ጥርጥር ሁለተኛውን። ሙሉው ይሞቃል፣ ሸክሙንም ትከሻ ላይ ይጥላል። 25 የሾትገን ጥይት ብቻውን ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። አንዲት ጅግራም ከ1 ኪሎ በላይ ናት። ውሃ ሲጨመርበት አስበው! ሰፊ የወገብ ቀበቶ ካለው ክብደቱ ዳሌህ ላይ ያርፋል።

ዋናው ነገር የታደኑት ወፎች የሚገቡበት የኋላ ኪሱ ነው። ከጎን እጅ በደንብ ያስገባ፤ ውስጡ ደም የማያሳልፍና የሚታጠብ ይሁን። እስከ ታች ተዘርግቶ የሚከፈት ከተገኘማ ተገላገልክ፣ ላባውን አራግፈህ በውሃ ታጥበዋለህ። ግን ወፎቹን እዚያ አታቆያቸው። ታፍነው ቶሎ ይበላሻሉ።

ቀለሙ ደማቅ ብርቱካናማ ይሁን። ካሞፍላጅ (እንደ ወታደር ልብስ ዥንጉርጉሩ) ለፎቶ ያምራል፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ግን ጓደኛህ አያይህም። የጥይት ኪሱ በአንድ እጅ ካልተከፈተ ተወው።

ማንገቻው ከረዘመብህ መርካቶ ሸራ የሚሰፉት ያሳጥሩልሃል። የአደን ፈቃዱን ግን ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አስቀድመህ ጨርስ።