ከመብራት መስመር ሶኬት ላውጣ ወይ?

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ውስጥ ለካፌ የሚሆን ሱቅ ተከራይቻለሁ። የኮርኒሱ መብራቶች 277 ቮልት ናቸው። ባንኮኒው አጠገብ ለካሽ ሬጅስተርና ለቡና መፍጫ 120 ቮልት ሶኬት የለም። የማውቀው ልጅ «ከመብራቱ መስመር ቀንሼ አወጣልሃለሁ» ብሎኛል። በሕግ የሚያስጠይቀኝ ነገር አለ?

መልስ፦ አዎ፣ አለ። 277 የሚገኘው ከ480 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ (ሦስት ኃይል ተሸካሚ ሽቦ ያለው) መስመር ነው፤ በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ያለው ቮልቴጅ ማለት ነው። ሽቦ በመቀያየር 120 አይመጣም። ቮልቴጁን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ እሱም የራሱ ብሬከርና ኤርዝ ሊኖረው ይገባል። እግረ መንገዴን፦ «277 እኮ ከ220 ብዙም አይርቅም» ብለው ከአገር ቤት የመጣ መፍጫ እንዳይሰኩበት። ይቃጠላል።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የኪራይ ውልዎን ያውጡ። ለውጥና ማሻሻያ የሚለውን አንቀጽ ይፈልጉ። አብዛኛው የንግድ ቤት ውል ያለ አከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ሽቦ መንካት ይከለክላል። ኮሪደር ላይ የተባለ «እሺ፣ ችግር የለም» ፍርድ ቤት ሲደረስ እምብዛም አያድንም።

ሁለተኛው ፈቃድ የካውንቲው ወይም የከተማው ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት የግንባታ ቢሮውን ፈቃድና የተቆጣጣሪ ምርመራ ይጠይቃል። ያ ልጅ ላይሰንስ አለው? ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ላይሰንስ የተቋራጭ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው።

ትልቁ ጣጣ ግን ኢንሹራንሱ ጋ ነው። እሳት ቢነሳ የአከራዩ ኢንሹራንስ ለአከራዩ ይከፍልና ውሉ ካላገደው ገንዘቡን ከእርስዎ ለማስመለስ ይመጣል። የእርስዎም ኢንሹራንስ ሥራው ያለ ፈቃድ መሠራቱን ሲያይ ላለመክፈል ሰበብ ያገኛል። መሃል ላይ የሚቀሩት እርስዎ ነዎት።

ቆጣሪውንም ይዩ። የመብራቱ መስመር በአከራዩ ቆጣሪ የሚያልፍ ከሆነ፣ ሳያስፈቅዱ መፍጫ መሰካት በሰው ሒሳብ መጠቀም ነው።

እኔ ብሆን ዛሬውኑ ለአከራዩ ኢሜይል እጽፋለሁ። እንዲህ ባሉ ሕንፃዎች ኤሌክትሪክ ክፍሉ ውስጥ 480ውን ወደ 208 እና 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመርና ፓናል (የብሬከር ሳጥን) አብዛኛውን ጊዜ አለ። ከዚያ ፓናል ላይሰንስ ባለው ኤሌክትሪሺያን መስመር እንዲሳብልዎ ይጠይቁ። ወጪው የማን ነው? ውሉ ሱቁን «ባለበት ሁኔታ» ተረክበዋል ካለ፣ ምናልባት የእርስዎ ነው። ቢሆንም ይደራደሩ፤ መስመሩ እርስዎ ሲለቁ ለአከራዩ የሚቀር ንብረት ነው። መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ፣ የምርመራውንም ወረቀት ከውሉ ጋር አያይዘው ያስቀምጡ።