መልስ፦ «ቡርዧ» የሚለውን ቃል የፈጠረው ማርክስ ነው?

አይደለም። የማርክስና የኤንግልስ «የኮሚኒስት ማኒፌስቶ» በ1848 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቃሉ እንግሊዝኛ ውስጥ ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ነበር። ሥሩ ጀርመናዊው «ቡርግ» ነው፤ ምሽግ ማለት፣ ሐምቡርግ መጨረሻ ላይ ያለው። ፈረንሳዮች በቅጥር ውስጥ የሚኖረውን፣ የከተማ መብት ያለውን ነጋዴና ባለእጅ «ቡርዧ» አሉት፤ መኳንንትም ገበሬም ያልሆነውን ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ይህንኑ ቃል ሁለቴ ነው የተዋሰው፦ በ13ኛው ክፍለ ዘመን «በርጀስ»፣ በ16ኛው «ቡርዧ» ብሎ። የፊተኛው ክብሩን እንደያዘ ቀረ፤ ንቀቱ የተለጠፈው በኋለኛው ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው፦ «ቡርዧ» ሰውየው ወይም ጠባዩ፣ «ቡርዧዚ» መደቡ ነው። በአብዮቱ ዘመን ለ«ቡርዧ» ትርጉም ሆኖ የተለመደው «ከበርቴ» ደግሞ ሀብቱን እንጂ ከተሜነቱን አይነግርህም፤ የቃሉን አመጣጥ ለሚፈልግ አሳሳች ነው።