የእማማን ቀለበት ዘፍዝፎ መጠጣትስ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ አባቴ 71 ዓመቱ ነው፣ የፕሮስቴት ካንሰር አለበት ተባልን። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ቲክቶክ ላይ አይቶ የላከልኝ ቪዲዮ የወርቅ ናኖ በደም ሥር ገብቶ በብርሃን ካንሰሩን ያቃጥለዋል ይላል። ጎረቤታችን ይህን ሰምታ የእማማን ቀለበት ውሃ ውስጥ አሳድሮ ጠጥቶ ፀሐይ ቢሞቅስ አለችን። እውነት አለው? (ሜ. ከደሴ)

መልስ፦ ሜዬ፣ ወንድምሽ ያየው ነገር አለ፣ የጎረቤታችሁ ግን ይቅር፣ ቀለበት ውሃ ውስጥ ቢከርምም ውሃው ያው ውሃ ነው።

ቪዲዮው ላይ ያለው ሂውስተን ራይስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ እነ ናኦሚ ሃላስና ጄኒፈር ዌስት ያመጡት ናኖ፣ ማለትም በዓይን የማይታይ ደቃቅ ቅንጣት ይመስለኛል፣ መሃሉ ሲሊካ ነው (የአሸዋ ዘር በይው)፣ ላዩ በስሱ ወርቅ የተለበጠ፣ 500 ያህሉን ብትደረድሪ የአንድ ፀጉር ውፍረት ቢሆን ነው። ከሕክምናው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በደም ሥር ይሰጣል፣ የዕጢ ደም ሥር እንደ ወንፊት ስለሆነ እዚያ ሾልኮ ይጠራቀማል። ወርቁ ራሱ መድኃኒት አይደለም ደግሞ፣ ሥራው ሌዘር ሲያገኘው መጋልና ዙሪያውን ያለውን ሴል ማቃጠል ብቻ ነው።

ፀሐይ ለምን አይሆንም? ማታ መብራት አጥፍተሽ የስልክሽን ባትሪ በጣትሽ ሥር አብሪው፣ ቀዩ ብቻ ነው የሚያልፈው አይደል? ሌዘሩ ከቀይም አልፎ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፣ ከሌላው ብርሃን ይልቅ ሥጋ ውስጥ ዘልቆ ይገባል፣ ግን እሱም ፕሮስቴት ድረስ ከውጭ አይደርስም፣ ስለዚህ እንደ ኢንተርኔቱ ዓይነት ቀጭን ፋይበር በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይገባል።

ኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ሞክረውታል፣ ውጤቱ 2019 ላይ ወጣ፣ በዓመቱ ሲታዩ ከ15ቱ 13ቱ የታከመው ቦታ ላይ ካንሰር አልተገኘም። ደስ ይላል፣ ግን 15 ሰው ነው፣ ያውም ካንሰሩ ከፕሮስቴት ያልወጣና ብዙም ያልከፋባቸው ተመርጠው። አጥንት ከገባ ሌዘሩ እያሳደደ አይሄድም።

ስለዚህ ሐኪሙን መጀመሪያ የምትጠይቂው ስለ ወርቅ አይሁን፣ ፒኤስኤው (በደም ምርመራ የሚለካው የፕሮስቴት ቁጥር) ስንት ነው፣ ግሊሰኑስ (ካንሰሩ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ የሚሰጠው ነጥብ)፣ ከፕሮስቴት ወጥቷል ወይስ አልወጣም በይው። መልሱን ጻፊልኝ፣ ቀለበቱንም ለእማማ መልሺላቸው።