ሁለተኛ ምክር ቤት ያልነበራት ፔንስልቫኒያ፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ አብዮት ዘመን ስለተቋቋመው የፔንስልቫኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤትና ስለ አባላቱ ያነሣችኋቸውን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ አብዛኞቹ ግዛቶች ሁለት ምክር ቤት ሲያቋቁሙ ፔንስልቫኒያ በአንድ ብቻ የረካችው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ነገሩ ለአገሩ ሰው እንግዳ አልነበረም፤ በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ሥር ሳለችም ከ1701 ጀምሮ የሕግ አውጪነት ሥልጣን የነበረው ጉባኤ አንድ ብቻ ነበር። በ1776 በቤንጃሚን ፍራንክሊን ሰብሳቢነት የግዛቲቱን ሕገ መንግሥት ለማውጣት ፊላደልፊያ ላይ የመከረው ጉባኤ ይህንኑ ልማድ ወርሶ፣ ላይኛ ምክር ቤት ቢቋቋም የባለጸጎች መጠጊያ ይሆናል የሚለውን ሥጋት ጨመረበት። አገረ ገዥም አልሾሙም፤ የአስፈጻሚነቱን ሥራ 12 አባላት ላሉት ሸንጎ ሰጡት፤ ሸንጎውም ምክር ቤቱ ያወጣውን ሕግ የመሻር ሥልጣን አልነበረውም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህን ያህል ሥልጣን የያዘውን ምክር ቤት ማን ይቆጣጠረው ነበር?

መልስ፦ ሕገ መንግሥቱ የቁጥጥሩን ሥራ የጣለው በመራጩ ላይ ነው፤ እኔም ይህን ምክር ቤት ማጥናት የምወደው በዚሁ ምክንያት ነው። ምርጫው በየዓመቱ ይካሄድ ነበር፤ አንድ ሰው በሰባት ዓመት ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ መቀመጥ አይችልም ነበር። የአዳራሹ በር ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን፣ የስብሰባው ቃለ ጉባኤም በየሳምንቱ እንዲታተም ታዞ ነበር፤ ሁለት አባላት ከጠየቁም የደገፈውና የተቃወመው ሁሉ በስም ተለይቶ ይመዘገብ ነበር። ከሁሉም የሚደነቀው ግን፣ ሕዝብን የሚመለከት ረቂቅ ለመጨረሻ ጊዜ ከመነበቡ በፊት ታትሞ ለሕዝቡ እንዲቀርብ፣ ድንገተኛና አስገዳጅ ነገር ካልገጠመም እስከሚቀጥለው የስብሰባ ዘመን ሳይጸድቅ እንዲቆይ የሚያዘው አንቀጽ ነው። በዚህ መንገድ መራጩ ራሱ የሁለተኛውን ምክር ቤት ሥራ እንዲሠራ ታስቦ ነበር።

ሆኖም ምክር ቤቱ ደንቡን አላከበረም። የሕገ መንግሥቱን አፈጻጸም በየሰባት ዓመቱ እንዲመረምር የተደነገገው ሸንጎ በ1783 እና በ1784 ተቀምጦ ሲያጣራ፣ ብዙ ሕጎች ያለ አንዳች አስገዳጅ ምክንያት አስቀድመው ሳይታተሙ መጽደቃቸውን አገኘ። የሕጉ ሐሳብ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጉድለቱ የሚያስፈጽመው አካል አለማበጀቱ ነው።

ጥያቄ፦ የመምረጥ መብት የነበረው ማን ነው?

መልስ፦ ዕድሜው 21 የሞላ፣ አንድ ዓመት የኖረና ግብር የከፈለ ነጻ ወንድ ሁሉ መምረጥ ይችል ነበር፤ መሬት እንዲኖረው አይጠየቅም ነበር፤ ይህም ለዘመኑ እጅግ ሰፊ መብት ነው። በአንጻሩ በ1777 የወጣው የታማኝነት መሐላ ሕግ፣ ያን ቃል ለመስጠት እምቢ ያሉትን ኩዌከሮችን (ጦርነትን የሚቃወም የክርስትና ወገን ተከታዮችን) ከምርጫው አግዷቸዋል።

ጥያቄ፦ አባላቱ ከየትኛው የኑሮ ደረጃ የመጡ ነበሩ?

መልስ፦ ከምዕራቡ የዌስትሞርላንድ አውራጃ የተመረጠው ዊልያም ፊንድሊ በአየርላንድ የተወለደ ሸማኔ ነበር። የፊላደልፊያው ሮበርት ሞሪስ ደግሞ የነጻነት መግለጫውን ከፈረሙት አንዱና የታወቀ ባለጸጋ ነጋዴ ነው። በ1786 ስለ ሰሜን አሜሪካ ባንክ ፈቃድ በተነሣው ክርክር ሁለቱ ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ምክር ቤቱ የባንኩን ፈቃድ በ1785 ሰርዞ ስለነበር ሞሪስ እንዲመለስ ይሟገት ነበር፤ ፊንድሊ ግን ሞሪስ በባንኩ የግል ጥቅም እንዳለው ገልጦ ተናገረ። ፈቃዱ በ1787 ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ካወጣቸው ሕጎች ትልቁ የትኛው ነው ይላሉ?

መልስ፦ መጋቢት 1 ቀን 1780 በ34 ድምፅ ድጋፍና በ21 ተቃውሞ የጸደቀው፣ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀረው ሕግ ነው። ለመውጣቱ ብዙ የደከመው ጆርጅ ብራያን ነበር። ሕጉ በዕለቱ በባርነት የነበሩትን ነጻ አላወጣም፤ ከዚያ በኋላ ከባሪያ እናት የሚወለዱት ልጆች እንኳ እስከ 28 ዓመታቸው ማገልገል ነበረባቸው። ስለዚህ ሕጉን ሳወድሰው፣ የጉልምስናቸውን መጀመሪያ ለጌታ ሲያገለግሉ ያሳለፉትን ሰዎች አልዘነጋም።

ጥያቄ፦ አባላት በግድ ተጎትተው ወደ ስብሰባ ገብተዋል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ለመወሰን መገኘት ያለበት ቁጥር፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም ከ69ኙ 46 ነበር። በመስከረም 1787 የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት የሚያጸድቅ ጉባኤ ይጠራ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ መቸኮሉን የተቃወሙ 19 አባላት ከስብሰባው ቀሩና የተገኙት 44 ብቻ ሆኑ። በማግስቱ ሰዎች ተሰባስበው ከቀሩት መካከል ጄምስ ማካልሞንትንና ጄኮብ ማይሊን ካረፉበት ይዘው በግድ ወደ አዳራሹ አስገቧቸው። ማካልሞንት የመቅረት ቅጣቱን አምስት ሽልንግ ከፍዬ ልውጣ ቢልም አልተፈቀደለትም፤ ቁጥሩም ሞላ። ፔንስልቫኒያ ታኅሣሥ 12 ቀን 46 ለ23 በሆነ ድምፅ ሕገ መንግሥቱን አጸደቀች። እኔም ሕገ መንግሥቱን የምደግፍ ብሆንም፣ የሕዝብ እንደራሴን በጉልበት ጎትቶ ማስቀመጥን ልደግፈው አልችልም።

ጥያቄ፦ ይህ ሥርዓት እስከ መቼ ቆየ?

መልስ፦ እስከ 1790። በዚያው ዓመት የወጣው አዲስ ሕገ መንግሥት ሴኔትንና አገረ ገዥን አስገባ፤ የመጀመሪያው አገረ ገዥ የሆነውም ቀደም ሲል የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ የነበረው ቶማስ ሚፍሊን ነው።