ራም (የኮምፒውተሩን ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ «ላፕቶፔ ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ የዜናና የሥራ ማስታወቂያ ገጾች ስከፍት ፋኑ ይጮኻል፣ ክሮም ቀጥ ይላል፤ ጠጋኙ ራም ቀይር ወይ ፎርማት ይደረግ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ብለህ የጠየቅከውን አየሁት። አይቼ ማለፍ አልቻልኩም። አራት ኪሎ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ፤ ያንተው ጣጣ በእኔም ደርሷል። ላፕቶፕህን ለማንም አትስጥ። የሚያስጮኸው በየገጹ ጥግ የሚንቀሳቀሰው ማስታወቂያ ነው።

1ኛ. መጀመሪያ አረጋግጥ። ክሮምን ዝጋና ዎርድ ብቻ ከፍተህ ጥቂት ጻፍ። ፋኑ ጸጥ ካለ፣ ፊደሉም ሳይዘገይ ከወጣ ማሽንህ ደህና ነው። ከዚያ ያንን የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ክፈትና ሺፍትን ይዘህ ኢስኬፕን ተጫን። ኢስኬፕ ኪቦርዱ ላይ ከላይ ግራ ጥግ ያለችው ናት። የክሮም የራሱ ታስክ ማናጀር፣ ምኑ ምን ያህል እንደሚበላ የሚዘረዝር መስኮት፣ ይወጣልሃል። የዊንዶውሱን አይደለም የምልህ፤ እሱ የትኛው ማስታወቂያ እንደሚበላህ ለይቶ አያሳይህም። «ሲፒዩ» (ስሌቱን የሚሠራው የኮምፒውተሩ አንጎል) የሚለውን የዓምዱን አናት አንዴ ወይ ሁለቴ ክሊክ ስታደርገው ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይመጣል። «ሰብፍሬም» (በገጹ ውስጥ የተሰካ ሌላ ገጽ) የሚሉ መስመሮች ታያለህ። አጠገባቸው ያለው አድራሻ አንተ ከከፈትከው ገጽ ጋር ዝምድና የለውም። አብዛኞቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። አንዱን ምረጥና «ኤንድ ፕሮሰስ» በለው። ገጹ አይዘጋም። ሲጨፍር የነበረው ሳጥን ብቻ ግራጫ ሆኖ ይቀራል፣ ፋኑም ቀስ እያለ ይረጋል።

2ኛ. ራም ብቻውን አያድንህም። የቆመ ሥዕል አንዴ ይሳልና ይቀመጣል። የሚንቀሳቀሰው ግን በየሰከንዱ ደጋግሞ መሳል አለበት፤ ይህ ደግሞ የሲፒዩ ሥራ ነው። ራሙም የሚሞላበት ምክንያት አለው። ክሮም በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ከተለያየ ድረ ገጽ የመጣን ነገር ለደኅንነት ሲባል ለየብቻ ያስኬዳል። ለየእንግዳው የራሱን ክፍል እንደ መስጠት ነው። አንድ ገጽ ላይ ከየቦታው የመጡ ማስታወቂያዎች ሲሰበሰቡ 4 ጊጋህ ወዲያው ያልቃል። 8 ብታደርገው ትንሽ ይተነፍሳል፣ ሲፒዩው ግን ያው ነው።

«ፍላሽ ከቀረ ወዲህ እኮ ይህ ችግር የለም» የሚሉህ ይኖራሉ፤ ድሮ ማስታወቂያ ያንቀሳቅስ የነበረውን ፕሮግራም ማለታቸው ነው። አዶቤ ፍላሽ በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ መቅረቱ እውነት ነው። ማስታወቂያው ግን በጃቫስክሪፕት (ገጽ ላይ ነገር በሚያንቀሳቅስ የፕሮግራም ቋንቋ) እና በቪዲዮ ተተክቶ መጨፈሩን ቀጥሏል። ጎግል ራሱ ችግሩን ያውቀዋል። ሰው ሳይነካው ከ4 ሜጋ ባይት በላይ ዳታ የጎተተ፣ ወይ በ30 ሰከንድ ውስጥ 15 ሰከንድ፣ ወይ በጠቅላላው 60 ሰከንድ ሲፒዩ የበላ ማስታወቂያ ክሮም ላይ እንዲራገፍ በ2020 ወስኗል። ጥሩ ነው። ግን ወሰኑ ለአንድ ማስታወቂያ ነው። እያንዳንዳቸው ከወሰኑ በታች ሆነው አሥር ሲደረደሩ ማን ይከለክላቸዋል? በፓኬጅ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ዳታህንም እነሱ ናቸው የሚጨርሱት።

3ኛ. ፎርማት፣ ማለትም ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። እዚህ ላይ ስማኝ። የማምነው ጠጋኝ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ሱቁም አብሮ ሄደ፣ ሰውየውን አጣሁት። የሱቄ ኮምፒውተር እንዳንተው ቀጥ ሲልብኝ ሰው የጠቆመኝ ሌላ ጋ ወሰድኩት። ስሙንም ቦታውንም አልጽፍም። ገና ሳይሰካው «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። «ዎርድ ላይ ምንም አይለውም እኮ፣ ኢንተርኔት ስከፍት ብቻ ነው» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «አንቺ ጽሑፍሽን ጻፊ፣ ይሄ የባለሙያ ሥራ ነው» አለኝ። ያውም ሰው ፊት። ዲ ድራይቭን፣ ፋይሎቼ ያሉበትን የዲስኩን ክፍል፣ እንዳይነካ አስጠነቀቅኩት፤ አልበቃኝ ብሎ ወረቀት ላይ ጽፌ ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፌለት ሄድኩ። ስመለስ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። ዲ ድራይቭ ባዶ።

የደንበኞቼ ማመልከቻ፣ የውል ቅጾች፣ የአንዲት ተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም ሄደ። ልጅቷ ሱቄ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። አማካሪዋ ካረመላት ወረቀት ላይ እያየሁ እንደገና ጻፍኩላት፣ በነፃ። ሰውየውን «ጽፌልህ አልነበረም ወይ?» ስለው «ባክአፕ ማድረግ ያንቺ ሥራ ነው» ብሎ ሌላ ደንበኛ ማናገር ጀመረ። ለፎርማት፣ ለራም፣ ለአንቲቫይረስ እያለ የተቀበለኝን ሳልቆጥር ነው። ማሽኑን ወስጄ ያንኑ ገጽ ስከፍት ያው ቀጥ አለ።

ያን ዕለት ማታ ሱቁን ዘግቼ ራሴ ተቀመጥኩ። ደንበኞች የሚያስከፍቱኝን ገጾች አንድ በአንድ እየከፈትኩ ታስክ ማናጀሩን አየሁ። አንድ የመኪና ማስታወቂያ ነበር፣ ጎማው ያለማቋረጥ የሚሽከረከር። እሱ ብቻውን የሲፒዩውን ከግማሽ በላይ ይዞታል። አጠፋሁት፣ ፋኑ ረጋ። ያ ባለሙያ ያላየውን እኔ ጸሐፊዋ አገኘሁት። ይህን ስናገር እኮራለሁ።

መፍትሔው እነሆ። እንደ ክሮም ያለውን ሌላ ብሮውዘር፣ ፋየርፎክስን፣ ጫንና «ዩብሎክ ኦሪጅን» የሚለውን ማስታወቂያ ማገጃ ቅጥያ (ኤክስቴንሽን) ጨምርበት። ነፃ ነው። ተመሳሳይ ስም ያላቸው አስመሳዮች ስላሉ የሠሪው ስም ሬይመንድ ሂል መሆኑን ተመልከት። ከክሮም አልወጣም ካልክ ደግሞ እዚያ የሚሠራው «ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት» ነው፤ ጎግል የቅጥያዎችን አሠራር ስለለወጠ ሙሉው ክሮም ላይ ቀርቷል። ላይቱም ላንተ ይበቃል። እኔ ሱቄ ያሉትን በሙሉ ፋየርፎክስ አድርጌያቸዋለሁ፤ ባለ 4 ጊጋዋ አሮጌ ዴስክቶፕ ሳይቀር ቀኑን ሙሉ ቅጽ ስታስሞላ ትውላለች።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርህ። የአገር ቤት ጋዜጦች ገጽ ላይ የቆመ፣ የማይጨፍር ማስታወቂያ ካለ ለዚያ ገጽ ማገጃውን አንሣለት። በዚያ ነው የሚኖሩት። እኔ የምጣላው ከሚንቀሳቀሰው ጋር ነው።

ከታች በቀኝ በኩል «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተጠቅቷል» እያለ ብቅ የሚል ነገር ካለህም አትደንግጥ። አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም። አንድ ቀን አንድ ገጽ ላይ «አላው» ተጭኖለት የተፈቀደለት ማሳወቂያ ነው። የብሮውዘሩ ሴቲንግ ውስጥ «ኖቲፊኬሽን» የሚለው ጋ ገብተህ የማታውቀውን አድራሻ ሁሉ አጥፋ። ያ ጠጋኝ ለእኔ ይሄንኑ ለማጥፋት ነው አንቲቫይረስ የሸጠልኝ።

ይህን ሁሉ አድርገህ እምቢ ካለ፣ ላይ የወጣውን የሰብፍሬም አድራሻ እዚሁ ጻፍልኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ከሆንክ ይዘኸው ና፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ሱቅ ነኝ፣ ለማየት አላስከፍልም። ከቤት ስትወጣ ግን ፋይሎችህን ሌላ ቦታ ገልብጠህ ውጣ።